ቤቱን ከመልቀቃችሁ በፊት

ለውድ ጓደኛዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እናትሽስ እንደምን ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሳንጻጻፍ ብዙ ጊዜ አለፈ፤ ዛሬ ብዕር ያስያዘኝ ግን ናፍቆት ብቻ አይደለም። ቤቱን ልትለቁ እንደሆነ ከወንድምሽ ሰማሁ። ይህ ደብዳቤ ዕቃው ሳይጫን እንዲደርስሽ ቸኩያለሁ።

በፈረንጆች 2025 እዚህ ለንደን፣ ቴት ሞደርን በተባለው ሙዚየም፣ ዶ ሆ ሱ የሚባል ኮሪያዊ ቀራፂ ሥራዎቹን አሳይቶ ነበር። ይህ ሰው ቤት ይሰፋል። የኖረባቸውን ክፍሎች ከነሙሉ ልካቸው፣ ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ጨርቅ ሰፍቶ በቀጭን የብረት ዘንግ ያቆማቸዋል። የበሩ እጀታ፣ ሶኬቱ፣ ማብሪያ ማጥፊያው፣ የብሎኑ ራስ ሳይቀር በጨርቅና በክር ተሠርቷል። ጠርዙ ሁሉ ተቀምቅሞ አንድም የተንጠለጠለ ክር አላየሁበትም። ስፌት አይቶ የሚፈርድ ዓይን ያለሽ አንቺ ነሽና ከጎኔ ብትኖሪ ብዬ ተመኘሁ።

ከሥራዎቹ አንዱን «ጎጆዎች» ብሎታል፤ በ2024 የተሠራ ነው። በሴኡል፣ በኒው ዮርክ፣ በለንደንና በበርሊን ከኖረባቸው ቤቶች የተወሰዱ ክፍሎችና መተላለፊያዎች፣ ቀለማቸው እየተለያየ፣ ጫፍ ለጫፍ ተጋጥመዋል። ሰው በመካከላቸው ያልፋል፤ አንዱን ደፍ ሲሻገር አገር ይለወጣል። በውስጣቸው አልጋ የለም፣ ወንበር የለም። ቀድሞ የቤት ትዝታ ዕቃው ላይ ያለ ይመስለኝ ነበር። እዚያ ቆሜ ግን የሚናፈቀው በግድግዳና በግድግዳ መካከል ያለው ባዶ ስፍራ እንደሆነ ገባኝ፤ ሰው የሚኖረው እዚያ ውስጥ ነውና።

ላንጋኖ ዳር ግራር ላይ ሣር እየጠለፈ ጎጆ የሚሠራውን ቢጫ ወፍ ታስታውሺው የለም? ወንዱ መጀመሪያ ቀለበት ይሠራል፤ ከዚያ ቀለበቱ ላይ ቆሞ መንቁሩ እስከደረሰበት ድረስ ዙሪያውን ይሸምናል። የጎጆው ስፋት የገዛ አካሉ ልክ ነው። የእኛም አባቶች በክንድና በስንዝር ነበር የሚለኩት። የዶ ሆ ሱ ቤቶችም የተለኩት በዓይን ብቻ ሳይሆን በእጅም ስለሆነ ይመስለኛል እንዲህ ልብ የሚነኩት።

አባቱ ታዋቂው ሠዓሊ ሱ ሴ ኦክ በ1970ዎቹ ሴኡል ውስጥ በጥንቱ የኮሪያ ወግ ቤት ሠርተው ነበር፤ ልጁ ያደገው እዚያ ነው። ኒው ዮርክ ከገባ በኋላ ጫጫታው እንቅልፍ ቢነሳው የዚያ ቤት ጸጥታ ናፈቀው። በ1994 አንድ ክፍል በአቡጀዲ ሰፍቶ ሞከረ። ቀጥሎም የአገሩን ባህላዊ ልብስ ከሚሰፉ ባለሙያዎች ስልቱን ተምሮ፣ በ1999 የሴኡሉን ቤት በሐር ሰፋው። ተጣጥፎ ሻንጣ ውስጥ የሚገባ ቤት!

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ከጨርቁ ሌላ ያንኑ የሴኡል ቤት ከውጭ በወረቀት ሸፍኖ በእርሳስ አሽቶታል። የእንጨቱ ጭረት፣ የጣሪያው ክዳን፣ የግድግዳው ስንጥቅ ሁሉ ወረቀቱ ላይ ታትሟል። ይህን አንቺም ልታደርጊው ትችያለሽ፤ ወረቀትና ለስላሳ እርሳስ ይበቃል። የሳሎኑን በር እጀታ፣ በርጩማ ላይ ካልወጣን የማንደርስበትን ማብሪያ ማጥፊያ፣ እናትሽ ጋቢያቸውን የሚሰቅሉበትን ሚስማርና ዙሪያውን አሺልኝ። ሚስማሩን አትንቀዪው፤ መጀመሪያ ከወለሉ ስንት ስንዝር እንደሚርቅ ለኪ። ፎቶግራፍ የሳሎኑን ስፋት አይነግረንም፤ አንገትሽ ላይ በምታንጠለጥዪው የስፌት ሜትር ከጥግ እስከ ጥግ ለክተሽ ጻፊው።

ስስ ጨርቁን እኔ ከዚህ እልካለሁ፣ ስፌቱ ያንቺ ነው። ቤቱን በሙሉ እንስፋ አልልሽም፤ ከሳሎኑ በር እንጀምር። እናትሽ ጉልበታቸውን ቢያማቸውም አጠገብሽ ይቀመጡና የትኛው ጥግ ምን እንደነበረበት ይንገሩሽ፣ አንቺ ጻፊ። የበሩን ቁመትና ወርድ እንደለካሽ በስልክ ላኪልኝ፣ ጨርቁን በልኩ እንድገዛ። ቀለሙንም አንቺ ምረጪ።

እናትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

አክባሪ ጓደኛሽ