ሊጊንስን ለምን ረሳችሁት?

ጤና ይስጥልኝ አዘጋጅ፣

ያለጊዜያቸው ስለሚወለዱ ሕፃናት ስትጽፉ የኒውዚላንዱን ሐኪም የግሬም ሊጊንስን ስም አለማንሳታችሁ ቅር አሰኝቶኛል። ሰውየው ኦክላንድ ውስጥ ምጥን ምን እንደሚያስጀምረው በበጎች ላይ ሲያጠና፣ ሳንባዋ ገና ስላልደረሰ መሞት የነበረባት ግልገል ስትተነፍስ አገኛት። ሌላ ሰው ቢሆን «ዕድሏ ነው» ብሎ ያልፋት ነበር። እሱ ግን ማህፀን ውስጥ እያለች የተሰጣት ስቴሮይድ የተባለ የሆርሞን መድኃኒት ሳንባዋን ቀድሞ እንዳደረሰው ጠረጠረ፤ ከዚያ ከሕፃናት ሐኪሙ ከሮስ ሃዊ ጋር 282 እናቶችን ያካተተ ጥናት ሠርተው ውጤቱን በ1972 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። የሕፃኑን ሳንባ ቀድሞ የሚያደርስ፣ ከመውለዷ በፊት ለእናትየው የሚሰጥ የስቴሮይድ መርፌ፣ በቃ! እኔን የሚያንገበግበኝ መርፌው በየሆስፒታሉ እስኪለመድ 20 ዓመት ገደማ መፍጀቱ ነው። በነዚያ ዓመታት ስንት ጨቅላ ትንፋሽ አጥሮት አለፈ? እባካችሁ በሚቀጥለው ዕትም ይህንን ጻፉልን።