ለደንበኞቻችን፦ የድሮ የብር ጌጥ ስታመጡ ለምን ሳምንት እንደምናቆያችሁ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣
ደብረ ማርቆስና አካባቢው

ጤና ይስጥልን። ሰሞኑን አንዳንዶቻችሁ አኩርፋችሁብናል። እውነታችሁን ነው። ድሮ ጠዋት ያመጣችሁት የእናት ድሪ ከሰዓት ይቀልጥ ነበር። አሁን ግን "ሳምንት ይቆይ፣ ቤተሰብ ጠይቁበት" ብለን እንመልሳችኋለን። "ሥራ ጠላችሁ እንዴ?" ያለንም አለ። አልጠላንም። ነገሩ ቆሞ የሚወራ ስላልሆነ ነው የጻፍንላችሁ።

የአንጥረኛነቱን ሥራ የጀመሩት አያታችን ናቸው። ሽማግሌ ሁሉ ከተማውን መንቆረር እያለ በሚጠራበት ዘመን ነው። ሱቅ አልነበራቸውም። ወናፍ፣ ጉጠት፣ መዶሻ፣ ሞረድና የሸክላ ማቅለጫ፣ በቃ። ብሩን የሚያመጣው ደንበኛው ነው። እስኪቀልጥም አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ያያል። ማመን ሌላ፣ ማየት ሌላ።

የሚመጣው ጠገራ ብር ነው፣ ያቺ ማርያ ቴሬዛ ያለችበት። በየትኛውም ዓመት ትመታ፣ የተጻፈባት ዘመን በፈረንጅ 1780 ነው። 28 ግራም ያህል ትመዝናለች። ከ1000 እጅ 833ቱ ብር ነው፣ የቀረው በአብዛኛው መዳብ። አያታችን ይህን ቁጥር አያውቁም። የሚያውቁት አንድ ጠገራ አንድ ወቄት መሆኑን ነው። ስለዚህ የሚዛናቸው ድንጋይ ገንዘቡ ራሱ ነበር። በአንድ ወገን ጠገራ፣ በሌላው የተሠራው የእግር አልቦ። "ስንት ብር ገባበት?" ያለ ሰው ዋጋውን ሳይሆን ክብደቱን ነበር የሚጠይቀው።

መስቀልና ቀለበት በሰም ይቀረጻል። ሰሙ በጭቃ ይለበጣል። እሳት ሲያገኘው ሰሙ ፈስሶ ይወጣል፣ በቦታው ብሩ ወይም ወርቁ ይገባል። ጎጃም ውስጥ ሰምና ወርቅ ሲባል ሰው ሁሉ የቅኔ ትምህርት ቤቱን ዋሸራን ያስባል። እኛ ቤት የሚታሰበው ጭቃው ነው። አያታችን "የቅኔ መምህራን ከእኛ የተዋሱትን እስካሁን አልመለሱም" እያሉ ይስቁ ነበር።

ሁሌ ግን ሳቅ አልነበረም። አንጥረኛ ጠይብ፣ ቡዳ ይባላል። ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብ ቢከለክሉም አፍ በአዋጅ አይዘጋም። አያታችን የሠሩትን መስቀል በአንገቱ አስሮ፣ እሳቸው ቤት እህል የማይቀምስ ጎረቤት ነበር። ይህንን ስንጽፍ ቂም ይዘን አይደለም። የልጅ ልጆቹ ዛሬ ደንበኞቻችን ናቸው፣ ቡናም አብረን እንጠጣለን።

በ1937 አዲሱ የኢትዮጵያ የወረቀት ብር ሲወጣ ጠገራው ከገበያ መሸሽ ጀመረ። አባታችን ሥራውን ሲረከቡ ጥሬ ዕቃው የድሮ ጌጥ ራሱ ሆነ። ሙሽራም ጥሎሹ ወርቅ እንዲሆን ፈለገች። አልቦ የባላገር ነው ተባለ። አልቦው፣ ድሪው፣ የፀጉር ወለባው በሰፌድ እየመጣ ማቅለጫ ገባ። አባታችን ዋጋ መናገር ስለሚያፍሩ የሚነጋገሩት እናታችን ነበሩ። ሱቁን ያቆሙልንም እሳቸው ናቸው ብንል አባታችን አይከፋቸውም። እናታችን የማን አምባር ከማን እናት እንደመጣ በቃላቸው ያውቁ ነበር። እኛ ያንን አልወረስንም። ጥፋቱም ከዚህ ይጀምራል።

ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ የውጭ ምንዛሬው በገበያ መወሰን ሲጀምር፣ ወርቅ የማይቀመስ ሆነ። ለዚህ ነው የዛሬን ዋጋ ለነገ ቃል የማንገባው። ሰውም ፊቱን ወደ አያቱ ሣጥን መለሰ። የድሮ ብር አምጥቶ አዲስ ማሠራት በዛ። እኛም ደስ ብሎን አቀለጥን።

አምና አንዲት እህታችን የአንገት መስቀል አመጡ፤ ለልጃቸው ጉትቻ እንዲሆን። በዚያው ቀን አቀለጥነው። በሦስተኛው ቀን ወንድማቸው እየሮጡ መጡ። መስቀሉ የአባታቸው ነበር። ሲሞቱ ከአንገታቸው የወረደ ነው። ጉትቻውን አሳየናቸው። በእጃቸው ይዘው ዝም አሉ። ቢሰድቡን ይሻለን ነበር። ገንዘብ አልተቀበልንም፣ ግን መስቀል አይሆንም።

አሁን የምናደርገው ይህ ነው። ዕቃውን ፊት ለፊታችሁ መዝነን፣ ፎቶ አንስተን፣ ደረሰኝ እንሰጣለን። ሳምንት እናስቀምጠዋለን። ሐሳባችሁን ከለወጣችሁ ምንም አትከፍሉም። በዚያው ጊዜ እንፈትሸዋለን፣ ነጭ የሆነ ሁሉ ብር አይደለምና። የመዳብና የኒኬል ቅልቅል ብር መስሎ ይመጣል፣ ማግኔትም አያጋልጠውም። በማይታይ ቦታ ሞረድ አድርገን አሲድ ጠብ እናደርጋለን። ቶሎ አረንጓዴ ከሆነ እንነግራችኋለን፣ አትቀየሙን። ቀለበቱ የተበጠሰ ወይም ጫፉ የተሰበረ ብቻ ከሆነ ደግሞ መጠገኑ ከማቅለጡ ይረክሳል። ለእኛ ትርፉ ያንሳል፣ ቢሆንም ቀድመን የምንነግራችሁ እሱን ነው።

ሰርግ የደረሰባችሁ፣ ሳምንቱን ቆጥራችሁ ቀደም ብላችሁ ኑ።

አንድ ነገር እንለምናችሁ። አያታችን ሥራቸውን ሲጨርሱ ከመስቀሉ ጀርባ፣ ከማንጠልጠያው ሥር፣ ሦስት አጫጭር የሞረድ ጭረት ያደርጉ ነበር። ቤታችን ውስጥ የእሳቸው ሥራ አንድም አልቀረም፣ እኛው አቅልጠነዋል። እንዲህ ያለ መስቀል ያላችሁ፣ ስታልፉ ጎራ በሉ። አንገዛውም፣ አንነካውም። ልጆቻችን እንዲያዩት ብቻ ነው። ሻዩ በእኛ ነው።

ከአክብሮት ጋር
የሱቁ ባለቤቶች፣ ወንድምና እህት