የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ክበብ፦ ጋሪው በየት ይለፍ?

የክበባት ሽልማት በተሰጠበት ቀን ለድራማ ክበብ ተጨበጨበ፤ ለሚኒ ሚዲያም ተጨበጨበ። የእኛ ስም ሲጠራ ግን ከኋላ «እነዚህ ደግሞ ምን ሠሩ?» ሲባል ሰማሁ። ያለው ሰው አይፈረድበትም። የእኛ ሥራ መድረክ ላይ አይታይም። ስለዚህ እዚህ ልጻፈው።

ዘንድሮ ከተማችን የጽዳትና የመንገድ አጠቃቀም ረቂቅ ደንብ አዘጋጅታ ነዋሪውን ለውይይት ጠርታ ነበር። ክበባችን ረቂቁን አንብቦ፣ ተከራክሮበት፣ አስተያየቱን ጽፎ አዳራሽ ገብቷል። እኔ እዚህ ማስተማር ከጀመርኩ እንዲህ ያለ ነገር ሲደረግ የመጀመሪያው ነው።

መስከረም ላይ አባላት መዝግበን ኮሚቴ መረጥን። ረቡዕ ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ተሰበሰብን። አዋጅ፣ ደንብና መመሪያ በምን እንደሚለያዩ ስንማማር ጥቅምትና ኅዳር አለቁ። ልጆቹ መጀመሪያ «18 ዓመት ሳይሞላን ማን ይሰማናል?» ይሉ ነበር። ለመምረጥ 18 ዓመት መሙላት ግድ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 ግን ማኅበረሰባቸውን በሚነካ ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ አስተያየታቸው እንዲጠየቅ መብት የሚሰጠው «ዜጎች» ብሎ ነው። ዕድሜ አልጠቀሰም። ይህን ሰሌዳ ላይ ጽፌ ሳነብላቸው ክፍሉ ጸጥ አለ።

አንዲት እናት ቢሮ ድረስ መጥተው «አደራ፣ ልጄን ፖለቲካ ውስጥ እንዳትከቷት» ብለውኛል። ስጋታቸው ይገባኛል፤ እኔም ወላጅ ነኝ። ነገር ግን ቆሻሻ የት ይደፋ፣ ጋሪ በየት ይለፍ የሚለው የሰፈራችን ጉዳይ ነው። ደንቡ ሲወጣ ቅጣቱን የምንከፍለውም እኛው ነን።

ረቂቁ እጃችን የገባው ውይይቱ 3 ቀን ሲቀረው ነው፤ ያውም አንድ ቅጂ። በፌዴራል ደረጃ መመሪያ የሚያወጣ መሥሪያ ቤት ረቂቁን አስቀድሞ ለሕዝብ ማሳወቅና አስተያየት መቀበል እንዳለበት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ይደነግጋል። አዋጁ ከተማችንን ባይመለከትም ሐሳቡ ለእኛም ይበጅ ነበር። ፎቶ ኮፒውን ከኪሴ ከፈልኩ። ይህን የማነሳው ገንዘቡ እንዲመለስልኝ አይደለም። ለሚቀጥለው ዓመት አንድ ደስጣ ወረቀት እንዲመደብልን ነው።

አሁን ስለ አንድ ልጅ ልንገራችሁ።

ረቂቁ ውስጥ በእንስሳ የሚጎተት ጋሪ በዋናው አስፋልት ላይ እንዳይሄድ የሚከለክል አንቀጽ ነበር። ልጆቹ «ጥሩ ነው» ብለው አለፉት። እኔም አለፍኩት። አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ግን እጁን አወጣ። ዓመቱን ሙሉ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። «ቲቸር፣ በውስጥ ለውስጡ መንገድ ወፍጮ ቤት ለመድረስ ወንዙን መሻገር አለብን። ክረምት ይሞላል። እህሉ በምን ይሄዳል?» አለ። ከትምህርት መልስ የአጎቱን ጋሪ እየነዳ ቤተሰቡን እንደሚያግዝ ያን ቀን ገና ሰማሁ።

በማግሥቱ ስድስት ልጆች ይዤ ሄድን። የሰሜን ሸዋን የጥር ንፋስ ለእናንተ አልነግራችሁም። ወንዙ ከቁርጭምጭሚት አያልፍም ነበር። አንዱ ልጅ «ይኼ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ባለ ጋሪው ልጅ መልስ አልሰጠውም። ዳር ወደቆመ ባሕር ዛፍ ወሰደን። ግንዱ ላይ ደረቅ ሣርና የተቀዳደደ ፌስታል ተጠምጥሟል። ደረቱ ድረስ ይመጣል። «ያምናው ውኃ ያስቀረው ነው» አለ። አንዷ ተማሪ ከእናቷ ልብስ ስፌት ቤት ያመጣችውን ሜትር ዘርግታ ለካችው፤ 1 ሜትር ከ30። የሳቀው ልጅ ቁጥሩን ደብተሩ ላይ ጻፈ።

በውይይቱ ቀን ልጁ ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ ተነሣ። ሰብሳቢው «ልጆች በኋላ» ሲሉ ፊት ወንበር ላይ ጋቢ የለበሱ አንድ አባት «ይናገር እንጂ! መንገዱን የሚያውቀው የሚሄድበት ነው» አሉ። ድምፁ እየተንቀጠቀጠ ማንበብ ጀመረ። ባሕር ዛፉ ጋ ሲደርስ ወረቀቱን አጠፈውና ውኃው የት እንደሚደርስ በእጁ ደረቱ ላይ አሳየ። አዳራሹ አጉረመረመ። ባለ ጋሪዎች ከኋላ «እውነቱን ነው!» አሉ። እኔ ዓይኔን ለመጥረግ ጎንበስ አልኩ።

ደንቡ ሲጸድቅ በክረምት ወራት ጋሪ የአስፋልቱን ጠርዝ ይዞ እንዲያልፍ ተፈቅዷል። ሌሎቹ አራት አስተያየቶቻችን አልገቡም። ከቅጣቱ በፊት የቆሻሻ ገንዳ ይቀመጥ ያልነው አሁንም ትክክል ይመስለኛል፤ በሚቀጥለው ውይይት ደግመን እናነሳዋለን።

አንድ ዕቅዳችን ግን ቀረ። ልጆቹን መንዝ፣ ጓሳ ወደሚባለው የሣር ምድር ልወስዳቸው ነበር። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ እንዲያዩ ብቻ አይደለም። የአካባቢው ሰው ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ጓሳውን በራሱ ደንብ ሲጠብቅ ኖሯል። ለዓመታት ይዘጋዋል፤ ጊዜው ሲደርስ ተስማምቶ ለአጨዳ ይከፍተዋል። ደንብ ከሕዝብ ሲወጣ ምን እንደሚመስል ልጆቹ እዚያው ቆመው እንዲሰሙ ነበር ሐሳቤ። መንገዱም አላስተማመነን፣ ያዋጣነውም ለመኪና ኪራይ አልበቃ። ያዋጡትን መልሰንላቸዋል።

መኪና ያላችሁ ወላጆች፣ ከዚህ ወጥታችሁ ሥራ የያዛችሁ የቀድሞ ተማሪዎች፣ ለአንድ ቀን አንድ ሚኒባስና ነዳጁን ብትችሉልን ሌላውን እኛ እንወጣዋለን። ቁልፍ ያለው አንድ ቁም ሣጥንም ያስፈልገናል። የዓመቱ ቃለ ጉባኤና ልጁ አዳራሽ ውስጥ ያጠፋት ወረቀት እስካሁን እኔ ቤት ነው ያሉት።