ሽቦውን ፍቺለት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እዚህ ሐይቅ ሁላችንም ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። የላክሽውን የአቮካዶ ችግኝ ፎቶ አየሁት። ኮምቦልቻ ገብተሽም መትከል አለመተውሽ ደስ አለኝ። ግንዱ የታሰረበትን ሽቦ ሳይ ግን ደነገጥኩ። ምክንያቱን በደንብ እንድታውቂው ብዬ ነው መጻፌ።

ዛፍ የሚረዝመው ከጫፉ ነው። ከላይ በቅርንጫፎቹ ጫፍ፣ ከታች በሥሮቹ ጫፍ የሚባዙ ሴሎች አሉ። አዲሶቹ ሴሎች ሲለጠጡ ዛፉ ይረዝማል። ከዚያ በታች ያለው ግንድ መርዘሙን ጨርሷል። ስለዚህ ሽቦሽ ዓመታት ቢያልፉም ከታሰረበት ከፍታ ንቅንቅ አይልም። ግንዱ ግን እዚያው ይወፍራል። አደጋው እዚህ ላይ ነው።

ልጅ ሆነሽ ልጥ ስንልጥ ታስታውሻለሽ? በክረምት ሙልጭ ብሎ ይለቅ ነበር። በበጋ እንጨቱ ላይ ሙጭጭ ይላል። ያ የሚያንሸራትተው እርጥብ ቦታ ካምቢየም የሚባለው ስስ ንጣፍ ነው። ዛፉን የሚያወፍረው እሱ ነው። ወደ ውስጥ እንጨት ይሠራል፤ ውሃ በዚያ ወደ ቅጠል ይወጣል። ወደ ውጭ ልጡን ይሠራል፤ ቅጠሉ ያዘጋጀው ስኳር በዚያ ወደ ሥር ይወርዳል። ዝናብ ሲኖር ይበረታል፣ በደረቁ ወራት ያርፋል። ጥድ ሲቆረጥ ግንዱ ላይ የምታያቸው ክቦች የዚህ ሥራ ምልክት ናቸው። (ወሎ ግን በልግም ክረምትም ስለሚዘንብ አንዱን ክብ አንድ ዓመት ብሎ መቁጠር ያሳስታል።)

ሽቦው ያን ልጥ ዙሪያውን ሲያንቀው ስኳሩ መውረድ ያቅተዋል። ውሃው በእንጨቱ በኩል ስለሚወጣ ቅጠሉ ለጊዜው ለምለም ይመስላል። ሥሩ ግን በረሃብ ይሞታል። ዙሪያውን የተላጠ ዛፍ ቀስ ብሎ የሚደርቀው ለዚህ ነው። ለማገዶ ብሎ አውቆ የሚልጥ ሰው ሳይ አንጀቴ ያርራል።

ማሽላ ሌላ ነው። ካምቢየም የለውም፤ እንደ ዛፍ ዓመት በዓመት አይወፍርም። እሱ አንጓው ላይም ያድጋል። ገና በእድገት ላይ ሳለ ንፋስ ሲጥለው ከአንጓው ታጥፎ ቀና የሚለው በዚህ ነው።

ችግኙ ዘመመብኝ ያልሽው ግንቡ ስለከለለው ነው። ጫፉ ኦክሲን የሚባል ሆርሞን ይሠራል። ሆርሞኑ ጥላ ወዳለበት ጎን ይበዛል፣ ያ ጎን ይበልጥ ይረዝማል፣ ችግኙም ወደ ብርሃኑ ያዘነብላል። ቻርልስ ዳርዊንና ልጁ ፍራንሲስ የሣር ቡቃያ ጫፍ ሸፍነው ሲያዩ ቡቃያው ወደ ብርሃን መጉበጡን ተወ። ይህን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1880 ነው። አባትና ልጅ አብረው መመራመራቸው በጣም ደስ ይለኛል።

እና ልጄ፣ ዛሬውኑ ፍቺው። ድጋፍ ካስፈለገው በሰፊ ጨርቅ ላላ አድርገሽ እሰሪው። ትንሽ ይወዛወዝ፤ ንፋስ የሚነቀንቀው ግንድ ይጠነክራል፣ ጥፍር አድርገው ያሰሩት ግን ቀጥኖ ይመዘዛል። ሽቦው ልጡ ውስጥ ሰርጎ ከሆነ በጉልበት አትጎትቺው፣ በፒንሳ ቆርጠሽ አውጪው። አብሽሪ፣ በቶሎ ከተፈታ ካምቢየሙ ቁስሉን ይሸፍነዋል። ወገብሽ ጋ ሲደርስ ደግሞ አናቱን ቀንጥቢው። ያኔ ኦክሲኑ ስለሚቀንስ ከጎን ቅርንጫፍ ያወጣል።

ፈትተሽው ፎቶ ላኪልኝ፣ ከሥሩ ጀምሮ።

አባትሽ