መርከብ ላይ «ጠጋ ጠጋ በሉ» የለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው ሳምንት ስለ ዛንዚባር ያወጣችሁትን ጽሑፍ አራት ኪሎ ቁጭ ብዬ ማኪያቶ እየጠጣሁ አነበብኩት። ደስ ይላል። ነጩ አሸዋ፣ የቅርንፉዱ ሽታ፣ የስቶን ታውን ጠባብ መንገዶች፣ ሁሉም አለበት። ከዳሬሰላም ወደ ደሴቷ የሚያሻግረውን መርከብ ግን በአንድ መስመር አለፋችሁት። እኔ ደግሞ ከዚያ ሁሉ ጉዞ እስከ ዛሬ ከሐሳቤ ያልወጣው እሱ ነው።

ካቻምና ነሐሴ ላይ ከታናሽ እህቴ ጋር ሄድን። ሁለታችንም ከዚያ በፊት ባሕር አይተን አናውቅም። ርቀቱ ከ70 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው፣ ፈጣኑ መርከብ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ትኬት የሚቆረጠው ወደቡ ዳር፣ ከቅዱስ ዮሴፍ ካቴድራል አካባቢ ነው። «እኔ ላስቆርጥላችሁ» የሚል ደላላ መንገድ ላይ አይጠፋም፣ እሱን ትታችሁ ቢሮው ድረስ ግቡ። ፓስፖርትና የቢጫ ወባ ካርድ ከእጃችሁ አይራቅ፤ አገሩ አንድ ቢሆንም ዛንዚባር ስትወርዱ እንደገና ፓስፖርት ያያሉ።

አንድ ነገር በጣም ደስ አለን። የሆቴሉን ጥበቃ መርከቡ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ስንጠይቀው አንድ ጣቱን አውጥቶ «ሳ ሞጃ» አለን። ትኬቱ ላይ ግን 7፡00 ተብሎ ተጽፏል። ለካ ስዋሂሊ ተናጋሪዎችም ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛው ከንጋት ጀምረው ነው! የእነሱ አንድ ሰዓት የኛው የጧት አንድ ሰዓት ነው። እህቴ «እዚህማ አንጠፋም» ብላ ሳቀች።

ጧት ወደቡ ላይ ስንሰለፍ ከፊታችን አንድ አባት ከልጃቸው ጋር ነበሩ። ትኬታቸው የቀጣዩ መርከብ ሆኖ ተገኘ። ለመኑ፣ ልጁን እያሳዩ ለመኑ፤ ቋንቋውን ባላውቀውም «ለሁለት ሰው ምን ቦታ ይጠፋል?» እያሉ እንደሆነ ገባኝ፣ ምክንያቱም እኔም አራት ኪሎ ታክሲ በር ላይ ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ። ትኬት የሚያየው ልጅ በትሕትና መለሳቸው። እውነቱን ለመናገር በሰዓቱ ከፋኝ። በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ።

ከጎናችን የተቀመጡት አዛውንት እንግሊዝኛ ይችሉ ነበርና እሳቸው ናቸው ያወሩን። ጳጉሜን 5 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ እኛ ለዘመን መለወጫ ስንሰናዳ፣ ስፓይስ አይላንደር የተባለ መርከብ ኡንጉጃ ከሚሉት ከዋናው የዛንዚባር ደሴት ወደ ሌላኛው ደሴት ወደ ፔምባ ሲሄድ ሌሊት ሰጠመ። ሊጭን ከሚችለው በላይ እጅግ ብዙ ሰው ጭኖ ነበር፣ ከ200 በላይ አስከሬን ተገኘ፣ የጠፋው ግን ከዚያ በጣም ይበልጣል። ዓመት ሳይሞላ፣ ሐምሌ 11 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ ስካጊት የሚባለው ደግሞ እኛ በምንሄድበት በዚያው መስመር ላይ በኃይለኛ ነፋስ ተገለበጠ። እሱም ከተፈቀደለት በላይ ጭኖ ነበር። አዛውንቱ ይህን ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ጧት ወደቡ ላይ እንዳይሳፈሩ የተመለሱት አባት ትዝ አሉኝ።

ጉዞው ቀላል አልነበረም። በዚያ ወቅት ኩሲ የሚሉት የደቡብ ነፋስ ይነፍሳል፣ መርከቡ ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል ይወርዳል። ሠራተኞቹ ገና ሳይጠየቁ የማስታወኪያ ከረጢት ያድላሉ። እህቴ ሁለት ተጠቀመች። ለሚሄድ ሰው ምክሬ ከፊት አትቀመጡ፣ ታች መሃል ላይ ሁኑ፣ ዓይናችሁን ስልክ ላይ ሳይሆን ሩቅ ላይ አድርጉ፣ ዝንጅብልም ያዙ።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ግን ስለ ዛንዚባር ብዬ ብቻ አይደለም። ከዚያ በኋላ በመጣው ጥር ከሰፈራችን ማኅበርተኞች ጋር ወደ ጣና ሄድን። ወደ ገዳሙ የምትወስደን ጀልባ አግዳሚዋ ሞልቶ ሰው ጠርዟ ላይ ተቀመጠ፣ ረዳቱ ግን አሁንም ይጠራል። ላይፍ ጃኬቶቹ ከጣሪያው ሥር በገመድ ታስረው ተሰቅለዋል። «ፍታልን» ስለው ረዳቱ «ምን ያደርግላችኋል፣ ቅርብ እኮ ነው!» አለኝ። እናቶች ነጠላቸውን ተከናንበው ዝም ብለው ተቀምጠዋል። ከመካከላችን ዋና የሚችል አንድም ሰው አልነበረም። ስንመለስ ከሰዓት በኋላው ነፋስ ተነሳ፣ ጀልባዋ በጎን በጎን ትመታ ጀመር፣ ሁላችንም ጸሎት ላይ ነበርን። በሰላም ገባን፣ ተመስገን።

«ቅርብ ነው» የሚለው ቃል እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። መስከረም 10 ቀን 2011 ዓ.ም. በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ኔሬሬ የምትባለው መርከብ የተገለበጠችው ኡካራ ደሴት ልትደርስ ትንሽ ሲቀራት ነው። የተሠራችው 100 ያህል ሰው እንድትጭን ነበር። የሞቱት ብቻ ከ220 በላይ ናቸው። ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ነበሩ። ባሕርም አልነበረም፣ እንደ ጣና ሐይቅ ነው። ጣና ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ነው ብሎ የሚጽናና ሰው አጋጥሞኛል፤ ዋና ለማያውቅ ሰው እኮ ሁለት ሜትር ይበቃል።

እኛ አዲስ አበቤዎች ትርፍ ሰው ለምደናል። «ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲባል እንጠጋለን፣ አራት ሰው በሦስት ወንበር እንቀመጣለን፣ ሥራ እንዳይረፍድብን ዝም እንላለን። ታክሲ ቢከፋ ቢከፋ መንገድ ላይ ይቆማል። ውሃ ላይ ይዘነው የምንሄደው ግን ይሄንኑ ልማዳችንን ነው፣ ስለዚህ ጀልባ ነጂውን ብቻ አልወቅስም፣ ያን ቀን እኔም ከጀልባዋ አልወረድኩም።

እባካችሁ ከጥምቀት በፊት፣ ሕዝቡ ወደ ሐይቆቹ መጓዝ ሳይጀምር፣ ስለዚህ ነገር ጻፉ። ጀልባ ስንት ሰው እንደሚጭን በር ላይ ለምን እንደማይለጠፍ የሚመለከታቸውን ጠይቁልን፣ የልጆች ልክ የሆነ ላይፍ ጃኬት መኖሩንም ጭምር። ማኅበራችን ዘንድሮም ጥር ላይ ይሄዳል። ጃኬቱ ሳይፈታ አልሳፈርም፣ ሰው ከበዛም ወርጄ ቀጣዩን እጠብቃለሁ። እህቴም አብራኝ ልትወርድ ተስማምታለች።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከአራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ