የሳጥኑ ቁልፍ፦ የቀይ መስቀል ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ታምሜ ለአሥር ቀን ያህል ከሥራ ቀርቼ ነበር። ስመለስ መጀመሪያ የሰማሁት ወሬ እንዲህ የሚል ነው፦ አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ ኳስ ሲጫወት ወድቆ ጉልበቱ ክፉኛ ተላጠ፤ የክበባችን ልጆች ሮጠው ደረሱ፤ ጓንትም ፋሻም ስላልነበራቸው ደሙን በሶፍት ጠራርገው ወደ ጤና ጣቢያ ላኩት። ጓንቱም ፋሻውም በክበቡ የመጀመሪያ ርዳታ ሳጥን ውስጥ ሞልቷል። የሳጥኑ ቁልፍ ግን ቦርሳዬ ውስጥ፣ ቦርሳዬም ቤቴ ነበር። የያኔዋ ሊቀ መንበራችን «ቲቸር፣ ምን ማድረግ እንዳለብን እኮ እናውቅ ነበር» ስትለኝ ፊቷ ላይ ያየሁት ቅሬታ ክረምቱን ሙሉ ሲከነክነኝ ከረመ።

ይህን ክበብ ከያዝኩ ስድስት ዓመቴ ነው። ስብሰባ የምጠራው እኔ፣ ፋሻና ጥጥ የምገዛው እኔ፣ ሰልፍ ላይ የሚነበበውን ጽሑፍ የማዘጋጀው እኔ፣ ሪፖርት የምጽፈውም እኔ። ልጆቹ የታዘዙትን በፍቅር ይሠራሉ፤ አዛዥ ሲጠፋ ግን ሁሉም ነገር ይቆማል። 12ኛ ክፍሎቹ ተፈትነው በወጡ ቁጥርም የክበቡ እውቀት አብሯቸው ይወጣል። መስከረም ላይ እንደገና ከፋሻ አጠቃለል «ሀ» ብለን እንጀምራለን። ይህ የልጆቹ ድክመት አልነበረም፤ እኔ ያስለመድኳቸው ነው።

ክረምት ላይ ሳስብበት ልጅ ሆኜ የተማርኩበት የቄስ ትምህርት ቤት ትዝ አለኝ። የኔታ አንድ ናቸው፤ እኛ ብዙ ነን። እኔን በስንጥር እየጠቆመ «ሀ ሁ» ያስቆጠረኝ መልእክተ ዮሐንስ የደረሰ ጎረምሳ ነበር፤ እሱን ደግሞ ዳዊት የሚደግመው ልጅ ያስነብበዋል። የኔታ ዛፉ ሥር ተቀምጠው ከሌላ ሰው ጋር ሲያወሩ እንኳ ጆሯቸው እኛ ጋ ነው፤ አንዲት ፊደል ስንስት ከተቀመጡበት ያርሙናል። ያ ጎረምሳ እኔን ሲያስቆጥር የራሱም ንባብ ይጠና እንደነበር አሁን ይገባኛል።

እናም ዘንድሮ 14 የ11ኛ ክፍል ልጆችን ከ14 የ9ኛ ክፍል ጀማሪዎች ጋር አጣመርን፤ «ታላቅና ታናሽ» አልናቸው። ሥራው ቀላል ነው። መጀመሪያ ታላቁ ይሠራል፣ ታናሹ ያያል። ቀጥሎ አብረው ይሠራሉ። ከዚያ ታናሹ ይሠራል፣ ታላቁ ያያል። መጨረሻ ላይ ታናሹ ለሌላ ሰው ያሳያል፤ ይህን እስኪችል ድረስ ተምሯል አንልም። ዓርብ ዓርብ ከትምህርት በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል እንገናኛለን፤ የመጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች ጥንዶቹ ለብቻቸው የሚነጋገሩባቸው ናቸው።

ኅዳር ላይ አንድ ነገር ተፈጠረ። በዕረፍት ሰዓት አንድ ልጅ ነሰረው። ከታናሾቻችን አንዷ ቀድማ ደረሰች። ጓደኞቹ እንደ ልማዱ አንገቱን ቀና አድርገው አናቱ ላይ ውሃ ሊያፈሱበት ሲሉ «አይሆንም» ብላ አስቀምጣ ወደ ፊት ደፋ አደረገችው። እስከዚህ ሁሉም ልክ ነው። የቀራት የአፍንጫውን ለስላሳ ክፍል በሁለት ጣት ቆንጥጦ ለ10 ደቂቃ ሳያቋርጡ መያዝ ነበር፤ እሷ ግን ከፍ ብላ አጥንቱ ጋ ያዘችው። በዚህ መሐል ከእሷ ጋር የተጣመረው ታላቅ ሮጦ መጣ፤ «ዞር በይ፣ እንዲህ አይደለም» ብሎ እጇን አንሥቶ ራሱ ያዘለት። ደሙ ቆመ፤ ልጁም አመስግኖ ወደ ክፍሉ ሄደ። እሷ ግን በሚቀጥለው ዓርብ አልመጣችም። ከዚያ በኋላ ባለውም አልመጣችም።

ፈልጌ አገኘኋት። «ቲቸር፣ እሱ ካለ እኔ ምን አደርጋለሁ?» አለችኝ። እሱን ሳናግረው ደግሞ «ልጁ ደም እየፈሰሰው ቆሜ ላስተምር?» አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በቁጣ የሚታለፍም አይደለም። ብዙ ተነጋገርንበት። ትንፋሽ የሚያቋርጥ፣ ሕይወት የሚያሰጋ ነገር ሲሆን የበለጠ የሚያውቀው ይግባ፤ ማንም ቅር አይለውም። ነስር ግን ጊዜ ይሰጣል። «ጣትሽን ትንሽ ዝቅ አድርጊው» ማለት ይበቃ ነበር፤ ልጁም ይድናል፣ እሷም ታድነዋለች። ይህን ስነግረው ለራሴም ጭምር እየነገርኩ እንደሆነ ይሰማኝ ነበር። ማንም ሳያዘው በማግስቱ ክፍሏ ድረስ ሄዶ ይቅርታ ጠየቃት።

ከዚያ ወዲህ «እጅ ወደ ኋላ» የምንለው ልምድ ያዝን። ታናሽ በሚሠራበት ጊዜ ታላቅ እጆቹን ከጀርባው አጣምሮ ይቆማል። መናገር ይፈቀድለታል፤ መንጠቅ አይፈቀድለትም። ሥራው ካለቀ በኋላም እርማት ከመስጠቱ በፊት «የቱ ጋ ከበደህ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህች ጥያቄ ከማንኛውም ሥልጠና በላይ ጠቅማናለች ብል ማጋነን አይሆንም፤ ተጠያቂው ራሱ ካገኘው ስህተት ግማሹ እዚያው ይታረማል። ለኔም ቀላል አልነበረም። ጥር ላይ አንድ ልጅ የተሰበረ ክንድ አስተሳሰር ለክፍል ጓደኞቹ ሲያሳይ ቋጠሮውን ሦስት ጊዜ ተሳሳተ። ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ጣቶቼ ሲቁነጠነጡ ታውቆኛል። በአራተኛው ተሳካለት።

የዓመቱ ትልቁ ፈተና የመጣው መጋቢት ላይ ነው። (ልጁም ቤተሰቦቹም ፈቅደውልኝ ነው የምጽፈው።) ጠዋት ሰልፍ ላይ፣ ሰንደቅ ዓላማ እየተሰቀለ ሳለ፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ተማሪ ወደቀ። ሰልፉ ፈረሰ፤ ሰው ከበበው። «ክብሪት! ክብሪት አምጡ!» የሚል ድምፅ ከየአቅጣጫው ተሰማ። በአካባቢያችን ክብሪት ጭሮ ማሽተት የቆየ ልማድ መሆኑን አንባቢ ያውቃል፤ እንደማይጠቅምም፣ ሊያቃጥል እንደሚችልም ደጋግመን አስተምረናል። መጀመሪያ የደረሰው ከታናሾቹ አንዱ ነው። ሹራቡን አውልቆ ከልጁ ጭንቅላት ሥር አደረገ፤ ዴስኩን ገፋ፤ የእጅ ሰዓቱን አየ። «ክብሪቱን አጥፉት። አትያዙት። አፉ ውስጥም ምንም እንዳታስገቡ» አለ። ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ ቃሉ ግን አልተዛነፈም።

ታላቁ ወዲያው ደርሷል። እጆቹን ወደ ኋላ አድርጎ ለአፍታ ቆመና አየ። ሁሉም በሥርዓት እየሄደ መሆኑን ሲረዳ ፊቱን ወደ ሕዝቡ አዙሮ ሰውን ወደ ኋላ መመለስ ጀመረ። ስልኬን ተቀብሎኝ ይዟል፤ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ለአምቡላንስ ወደ 907 መደወል እንዳለበት ሁለቱም ያውቃሉ። «ስንት ሆነ?» አለ ዘወር ሳይል። «ሁለት ደቂቃ ከሃያ» አለው ታናሹ። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ መንቀጥቀጡ ቆመ። ታናሹ ልጁን በጎኑ አጋደመው፤ ከዚያም ጆሮው ሥር ተጠግቶ «አይዞህ፣ ትምህርት ቤት ነህ፣ አብሬህ ነኝ» ይለው ጀመር። ይህን እኔ አላስተማርኩትም። ያስተማረው ታላቁ ነው፤ ታላቁም የተማረው ከእህቱ ሕመም ነው።

ያን ዕለት ማታ ጥንዶቹ ሲቀመጡ አጠገባቸው ነበርኩ። «የቱ ጋ ከበደህ?» አለው። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ቆየና «ክብሪቱን የያዙት መምህር ስለነበሩ እምቢ ማለት ከበደኝ» አለ። እኛ ልጆቻችንን ታላቅ አክብሩ ብለን እናሳድጋለን፤ ደግ እናደርጋለን። ታላቅን ሳያዋርዱ «አይ፣ እንዲህ አይደለም» የሚሉበትን ቋንቋ ግን አላስታጠቅናቸውም ነበር። ታላቁ የሰጠውን መልስ ወድጄዋለሁ፦ «ቲቸር ብለህ ጥራቸውና ሥራ ስጣቸው። ‹ቲቸር፣ እባክዎ ሰው ያርቁልኝ› በላቸው።» ከዚያ ወዲህ በየልምምዱ ላይ አንድ ልጅ ክብሪት ይዞ የሚመጣ ትልቅ ሰው ሆኖ ይጫወታል። ከሁሉም ያስደሰተኝ ደግሞ እኚያው መምህር ቀርበው «እኛንም አስተምሩን» ማለታቸው ነው። ሚያዝያ ላይ 11ኛና 9ኛ ክፍሎቹ አብረው ለመምህራን የግማሽ ቀን ሥልጠና ሰጡ። እኔ ከሠልጣኞቹ መምህራን ጋር ሆኜ ፋሻ ጠቀለልኩ።

ሚያዝያ 30 የዓለም ቀይ መስቀል ቀንን አከበርን። ልጆቹ ራሳቸው የጻፉትን አጭር ድራማ አቀረቡ፤ የቀይ መስቀል ሐሳብ ጠንሳሽ ሄንሪ ዱናን በ1859 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ውስጥ ከተደረገው የሶልፈሪኖ ጦርነት በኋላ ቁስለኞችን ሲያይ የሚያሳይ ነው። ሰውየው ነጋዴ እንጂ ሐኪም አልነበረም፤ የአካባቢውን ሴቶች አስተባብሮ ነው የወዳጅንም የጠላትንም ቁስለኛ ያስታመመው። በድራማው ዱናን የሆነው ልጅ አንድም ቁስል አላሰረም፤ ውሃ ቅጂ፣ አንቺ ያዥ፣ አንተ ጻፍ እያለ ሲያሰማራ ነው የታየው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርም ጠላት አገራችንን ሊወር ሲያሰፈስፍ፣ ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ተቋቋመ። ሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. 90 ዓመቱ ነው።

ሁሉም ጥንድ አልሰመረም። ሦስቱ በመንፈቀ ዓመቱ ተለያይተዋል፤ አንዱ ጥንድ ታላቁ ሥራ ስለበዛበት፣ ሁለቱ ጠባያቸው ስላልገጠመ። አንዲት ልጅ ደግሞ «መምራት አልፈልግም፣ ማሰር ነው የምወደው» አለችኝ፤ አልገፋኋትም፤ ፋሻ ለማሰር እሷን የሚያህል የለንም። ከዚህ ሌላ በሁለት ዙር የደም ልገሳ ጥሪ ለወላጆች ደብዳቤ ልከናል፤ የሴቶች መጸዳጃ ቤት የእጅ መታጠቢያም ተጠግኗል።

ሰኔ መግቢያ ላይ የሳጥኑን ዕቃ ልቆጥር ሄድኩ። ተቆልፏል። ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ አላውቅም ነበር፤ ሰው ልኬ አስጠየቅኩ። ይዛው የመጣችው ያቺ ኅዳር ላይ የቀረችው ልጅ ናት። ከፈተችልኝና ከክዳኑ ጀርባ የለጠፈችውን ዝርዝር አሳየችኝ። «ቲቸር፣ የቀረን ጓንት ሁለት ጥንድ ነው። ለመስከረም ከአሁኑ ይጠየቅ ብለን ደብዳቤ ጽፈናል» አለችና ወረቀቱን ዘረጋችልኝ። ከታች የክበቡ ተጠሪ መምህርት የሚል ቦታ ባዶውን ትታልኛለች። እዚያው ሳጥኑ ላይ አስደግፌ ፈረምኩላት።