ብሩን ያሳነስኩት አውቄ ነው

ሚጢዬ፣

ሰላምታ ላብዛ ብል «ሦስት ወር ሙሉ የት ከርመህ ነው?» ትይኛለሽ። ስለዚህ እማዬን ያን የሚያማትን ጉልበቷን ሳሚልኝ፣ ወንድምሽን ማሙሽን ጆሮውን ቆንጥጪልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ወደ ጉዳዩ ልግባ።

የላክኩት ብር ትናንት ደርሶሻል። ቆጥረሽ «አነሰ» ስትይ ይታየኛል። ከጠየቅሽኝ ላይ ሲሶው የለም። ባንኩ አልበላውም፣ እኔም ቁጥር አልተሳሳትኩም። አውቄ ነው ያሳነስኩት። ማሙሽ ከጓደኛው ያገኘልሽን ሞተር እንዳትገዢበት ብዬ ነው። ብትናደጂ አይገርመኝም። ግን አንብበሽ ጨርሺና ተናደጂ።

የላክሽልኝን ድምፅ ደጋግሜ ሰማሁት። ስለ አዲሱ ሥራሽ ስታወሪ ትንፋሽ አትወስጂም። ስለ ሞተሯ ስትጀምሪ ግን ድምፅሽ ዝቅ ይላል። «650 ሲሲ ናት፣ ከትልልቆቹ። ማሙሽ ትንሽ ከገዛሽ በሁለት ወር ትሰለችሻለች ብሎኛል። እኔ ግን ስቀመጥባት መሬት የነካሁት በጣቶቼ ጫፍ ነው» አልሽና ሳቅሽ። ያን ሳቅ አውቀዋለሁ። ልጅ ሆነሽ ዛፍ ላይ ወጥተሽ መውረድ ሲያቅትሽ እንደዚያ ነበር የምትስቂው። ያኔ ከታች ቆሜ «ዝለይ፣ እይዝሻለሁ» እልሽ ነበር። አሁን ከዚህ ሆኜ በምን እጄ ልያዝሽ?

ሰው ሁሉ «አትፍሪ» እያለሽ ይሆናል። እኔ አልልሽም። ፍሪ። የሚፈራ ሰው መስቀለኛ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ያያል። ጣጣው የሚመጣው በፍርሃትሽ ላይ የማትችዪው ብረት ሲጨመርበት ነው። እግሩ በደንብ መሬት የማይደርስ ጀማሪ መንገዱን አያይም። ሐሳቡ ሁሉ «አሁን ስቆም ምን ይውጠኛል?» የሚለው ላይ ነው።

ያ «ትሰለችሻለች» የሚሉት ምክር ለእኔም ተመክሮልኝ ነበር። ከሰለቸችሽ ትሸጫታለሽ፤ ትንሽ ሞተር ገዢ አታጣም። ትልቋ ካስፈራችሽ ግን ሸራ ለብሳ ግቢ ውስጥ ትቆማለች፣ አንቺም በእግርሽ ትሄጃለሽ። ለመሆኑ ማሙሽ ለአንቺ አስቦ ነው ወይስ ተውሶ ሊነዳት? እስቲ ዓይን ዓይኑን እያየሽ ጠይቂው።

አሁን እንዲህ አድርጊ። ጫማሽን አውልቂና ግድግዳ ተደግፈሽ ቀጥ ብለሽ ቁሚ። ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ በእግሮችሽ መሃል ወደ ላይ እስኪያቆም ድረስ ግፊው። ከመጽሐፉ ላይኛ ጠርዝ እስከ ወለሉ ያለውን እማዬ በሜትር ትለካልሽ። ያ ቁጥር ከሲሲው (ከሞተሯ መጠን) ይልቅ ይጠቅምሻል። ሞተር ስታዪ የኮርቻዋን ከፍታ ጠይቂና ከዚያ ቁጥር ጋር አስተያዪው። ለምሳሌ ሆንዳ ሬብል የሚሏት ኮርቻዋ ከመሬት 69 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ለኮረኮንችና ለረጅም ጉዞ ከተሠሩት ረጃጅሞቹ መሃል 85 ሴንቲ ሜትር የሚያልፉ ሞልተዋል። ቁጥሩ ብቻውን ግን ያታልላል። ሰፊ ኮርቻ ጭንን ስለሚከፍት እግር ያሳጥራል። ስለዚህ የምትነጂበትን ጫማ አድርገሽ ተቀመጪባትና ሁለቱም ተረከዞችሽ መሬት መንካታቸውን እዪ። የለመደ ሰው በአንድ እግሩም ያቆማል። አንቺ ገና ነሽ፤ ሁለቱም ይንኩ።

ቀጥሎ ክብደቷ። 125 ሲሲ የሆኑት አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 140 ኪሎ ናቸው። ማሙሽ ያያት 200 ኪሎ ገደማ ትሆናለች። «ደረቅ ክብደቷ ይሄ ነው» ካሉሽ ደግሞ ቤንዚንና ዘይቱ አልተቆጠረም ማለት ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ወደ 750 ግራም ይመዝናል። 15 ሊትር ስትሞዪ 11 ኪሎ ከፍ ብሎ ታንከሩ ላይ ተቀመጠ ማለት ነው። ይሄን ከመጽሐፍ ያገኘሁት አይደለም።

እሺ፣ የዝምታዬን ነገር ልንገርሽ። ስልኬ ተበላሽቶ ነው ያልኩት ውሸት ነበር።

ባለፈው ዓመት ሞተር ገዝቻለሁ። የሌሊት ፈረቃ ስጨርስ አውቶቡስ የለም። በእግር ደግሞ ሩቅ ነው፣ ብርዱም አይጣል ነው። የገዛሁት ያው ማሙሽ ያየልሽን ዓይነት ነው። ትልቅ፣ ጥቁር፣ የሚያምር። ፎቶ ሁሉ ተነሥቼበት ልልክላችሁ ነበር፣ እማዬን ፈርቼ ተውኩት። ለነገሩ ከእማዬ ይልቅ እኔ ነበርኩ የምፈራው። ከቤት ስወጣ ሆዴ ይቆረጥ ነበር።

ሰው ሞተር የሚወድቀው ሲፈጥን ይመስለዋል። እኔ የወደቅኩት ቆሜ ነው። ቤንዚን ቀድቼ፣ ታንከሩ ጢም ብሎ፣ መሪውን ወደ ግራ አጥፌ ቀስ እያልኩ ልወጣ ስል አንድ መኪና ከፊቴ ገባ። ደንግጬ የፊት ፍሬኑን ጨመደድኩት። በዝግታ ስትሄጂ መሪው ታጥፎ የፊት ፍሬን ከተያዘ ሞተሩ ወደ ታጠፈበት ጎን ነው የሚዘነብለው። እግሬን ዘረጋሁ። መሬቱ ግን እኔ ከጠበቅኩት ትንሽ ዝቅ ይል ነበር። አንዴ ማዘንበል ከጀመረ 200 ኪሎን በአንድ እግር የሚመልስ ሰው የለም። ቀስ ብሎ ተኛብኝ። ልክ ሰው አልጋ ላይ እንደሚተኛ።

ሁለት የማላውቃቸው ሰዎች አነሡልኝ። መጀመሪያ ያመመኝ ሰው ማየቱ ነው። ቁርጭምጭሚቴ ተራውን የወሰደው ሌሊት ነው። ተሰንጥቆ ነበር። ስድስት ሳምንት ጄሶ፣ ከዚያ ክራንች። ሥራ የለም፣ ስለዚህ ደሞዝም የለም። ከብሩ የጎደለው ለምን እንደሆነ አሁን ገባሽ? ግማሹ አውቄ ነው፣ ግማሹ አጥቼ ነው። ይኸው፣ አመንኩልሽ። ሥራ ከተመለስኩ ሁለት ሳምንት ሆኖኛል፤ አላነክስም። ትንሽ ነው የማነክሰው።

የማንሻውን ዘዴ ያወቅኩት በኋላ ነው። አንቺ ቀድመሽ እወቂው። ስትወድቅ መጀመሪያ ሞተሯን አጥፊ። በቀኝ ጎኗ ከሆነ የወደቀችው፣ በግራ ያለውን ማቆሚያዋን አስቀድመሽ ዘርጊ፤ አለዚያ አንሥተሻት በዚያኛው በኩል ትወድቃለች። ከዚያ ጀርባሽን ሰጥተሽ ቁጭ በይ፣ መቀመጫሽን ኮርቻው ላይ አስደግፊ፣ በአንድ እጅሽ መሪውን፣ በሌላው ከኋላ ጠንካራ ብረቷን ያዢና በእግሮችሽ እየገፋሽ ወደ ኋላ ትንንሽ እርምጃ ተራመጂ። በወገብሽ እንዳትሞክሪ። 110 ኪሎ እንዲህ ይነሣል። የማሙሽን ሞተር አላውቅም።

ታዲያ የትኛዋን ልግዛ ካልሽኝ፣ ከሁሉ በፊት ምኑ እንደሚያስፈራሽ ንገሪኝ። ፍሪሲዮኑ (ማርሽ ስትቀይሪ በእጅ የሚጨበጠው) እና ማርሹ ከሆነ ስኩተር አለልሽ። ጋዝና ፍሬን ብቻ ነው፣ መሃል መንገድ ላይ ሞተር ጠፋብኝ የሚባል ጭንቀት የለም። ጎማዎቿ ትንንሽ ስለሆኑ ግን ጉድጓድ አይምሯትም። ሌላም አለ። ሆንዳ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1958 ጀምሮ የሚሠራት ሱፐር ከብ የምትባል አለች፤ በ2017 የተሠሩት ብዛት 100 ሚሊዮን ደርሷል። ማርሹን በእግርሽ ትቀይሪያለሽ፣ በእጅ የሚያዝ ፍሪሲዮን ግን የላትም። ጎማዋም ከስኩተር ይሻላል። የእሷ ዓይነት ካገኘሽ ለአንቺ እሷ ትስማማሻለች ባይ ነኝ። «አይ፣ በፍሪሲዮን ነው የምማረው» ካልሽ ደግሞ እልህሽን ስለማውቅ አልከራከርሽም። ከ125 እስከ 150 ሲሲ ባለው ውስጥ እዪ። ደንግጠሽ ጋዙን ብትጠመዝዢው እንኳ ትንሿ ትንጫጫለች እንጂ ከሥርሽ አትፈተለክም። መጀመሪያ ባዶ ሜዳ ላይ ጋዝ ሳትሰጪ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለሽ እየለቀቅሽ የሚይዝበትን ቦታ ፈልጊ። ያን ቦታ እጅሽ እስኪያውቀው ድረስ መንገድ አትውጪ።

ኤቢኤስ ያላት ከተገኘች ትንሽ ብትወደድም እሷን ውሰጂ። እንደ እኔ ፍሬን የሚጨመድድ ሰው ጎማው እንዳይቆለፍበት ይረዳል። (እኔን ባያድነኝም። የኔው ኤቢኤስ ነበረው። ቆሞ ለሚወድቅ ሰው ምን ያድርግለት?) ከተማርኩት አንዱ ደግሞ ይሄ ነው፤ ፍጥነትሽ እጥፍ ሲሆን ፍሬን ይዘሽ እስክትቆሚ የምትሄጂው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል።

አሁን ወደ እማዬ። «እማዬን ለምርመራ አመላልስበታለሁ» ያልሽው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ያ የኔ ሥራ ነበር። የበኩር ልጅ እኔ ነኝ፤ ክንዷን ይዤ ደረጃ የማወጣት እኔ መሆን ነበረብኝ። በስልክ «የግፊት መድኃኒትሽን ወሰድሽ?» ስላት «አንተ እንቅልፍ ተኛህ?» ብላ ትመልስልኛለች። አንድም ቀን መልስ ሰጥታኝ አታውቅም። ግፊቷ ባለፈው ስንት እንደነበር አልነገርሽኝም። ትልቁንም ትንሹንም ቁጥር ጻፊልኝ። «ደህና ናት» አትበይኝ። እኔም ደህና ነኝ እያልኩ ነው የከረምኩት።

እና ሚጢዬ፣ እባክሽ እማዬን ከኋላሽ አታስቀምጪ። ለዘላለም አላልኩም፤ አሁን ነው ያልኩት። ከኋላ ሰው ሲቀመጥ ፍሬን ይዘሽ እስክትቆሚ ያለው ርቀት ይረዝማል፣ መነሣቱም መታጠፉም ሌላ ሞተር ነው የሚሆነው። ሰውየው ደግሞ ደንገጥ ብሎ ወደ ጎን ቢያጋድል ይዞሽ ይሄዳል። እማዬ እንኳን ሞተር አልጋዋ ላይ ስትወጣም ጉልበቷን ይዛ ነው። የምርመራ ቀኗ ሲደርስ ለታክሲ የሚሆን ለብቻው እልካለሁ። እሱን ከሞተር ብር ጋር እንዳትቀላቅዪው።

ስለ ማሙሽ ሠርግ ምን ልበል? የላካችሁትን ፎቶ አየሁት። ልጅቷ ክንዱን ይዛ ትስቃለች፣ እሱ ደግሞ የአባዬን ኮት ለብሷል። ትከሻው ላይ ልክ ሆኖለታል። ያን ኮት እኔ ነበርኩ ለራሴ የማስበው፤ ሞኝነት ነው፣ ግን አስቤ ነበር። አልመጣም። ወረቀቴ አላለቀም፣ ቢያልቅም ለሁለት ወር ያልሠራ ሰው ፈቃድ ጠይቆ አይሰጡትም። አንቺ ቀስ አድርገሽ ንገሪው። ሙሽሪትን በሞተር ይዤ እወጣለሁ ማለቱን ግን ይተወው በይው። ቀሚሱ የሞተሩ ሰንሰለት ውስጥ ይገባል።

ልትገዢ ስትሄጂ ማሙሽን ሳይሆን መካኒክ ይዘሽ ሂጂ። ሻጩ ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት እጅሽን አስጠግተሽ ሙቀቱን እዪ። ሞቃት ከሆነ ቀድሞ አስነሥቶታል ማለት ነው፤ ጠዋት ሲቀዘቅዝ እምቢ የሚል ሊሆን ይችላል። የፍሬንና የፍሪሲዮን መያዣዎቹን ጫፍ እዪ፤ ከተፋቀ ወድቃለች። ጎማው ጎን ላይ አራት አኃዝ ፈልጊ፤ 2319 ቢል በፈረንጅ አቆጣጠር በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው።

ሄልሜቱን ከዚህ ልኬልሻለሁ፣ በሰው እጅ ይመጣል። ጉንጭሽን ትንሽ ጭምቅ ካላደረገ ሰፍቶሻልና ንገሪኝ፣ ይለወጣል። ስመርጥልሽ ብዙ ቆየሁ። ሻጩ «ለማን ነው?» ሲለኝ «ለታናሽ እህቴ» አልኩና ጉሮሮዬ ተዘጋ። ለሄልሜት! ሳቂብኝ።

በመጽሐፉ የለካሽውን የእግርሽን ርዝመት ዛሬውኑ ጻፊልኝ። የእማዬንም የግፊት ቁጥር። ክራንቹን ግን ለእማዬ አትንገሪያት። ወይም... ካንቺ ከምትሰማው እሑድ ራሴ ደውዬ እነግራታለሁ። አጠገቧ ሁኚ፣ ቁጭ አድርገሻት።

ወንድምሽ